ስለ «ባለቤት» እና «ባለይዞታ»

በውጭ አገር የሚኖር ወገን ጦር ኃይሎች አካባቢ ቤት ሊገዛ ሲነሣ፣ ውክልናውና ውሉ ብዙ ጊዜ በተርጓሚ እጅ ያልፋሉ። በእነዚህ ሰነዶች ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን «ባለቤት» የሚለው ቃል ነው።

ቃሉ ከ«ባለ» እና ከ«ቤት» የተጣመረ በመሆኑ ለቤቱ በትክክል ይስማማል፤ ለመሬቱ ግን አይስማማም። የከተማ ቦታ በ1967 ዓ.ም. አዋጅ የመንግሥት ሆኗል፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥ እንደማይለወጥ ደንግጓል። ስለዚህ ገዢው የቤቱ ባለቤት፣ የመሬቱ ደግሞ ባለይዞታ ይባላል። በ2017 ዓ.ም. ለውጭ አገር ዜጎች በር የከፈተው አዋጅም መሬቱን የሚሸጥ ዕቃ አላደረገውም። በተለምዶ «ካርታ» የምንለውም ሰነድ መሬቱን በሚመለከት የሚያረጋግጠው ይዞታን ነው።

የወጪዎቹም ስም እንዲሁ ሊለይ ይገባዋል። ሻጩ ከሽያጩ ካገኘው ጥቅም የሚከፍለው «ግብር»፣ በሰነዱ ላይ የሚጣለው «የቴምብር ቀረጥ»፣ ባንክና ሰነድ አረጋጋጭ ለአገልግሎታቸው የሚቀበሉት ደግሞ «ክፍያ» ነው። ሦስቱን በአንድነት «ታክስ» ብሎ መተርጐም፣ በሩቅ ያለው ገዢ የሻጩን ዕዳ ከራሱ ሳይለይ እንዲፈርም ያደርገዋል። ተርጓሚው ያልለየውን ቃል ገዢው በገንዘቡ ይለየዋል።