ያውቁ ኖሯል? የባቱ አበባ ቀጣፊና የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ

በዝዋይ ሐይቅ ዳር በምትገኘው በባቱ ከተማ፣ በየማለዳው ወደ አበባ እርሻ የሚተመው፣ አብዛኛውም ሴት የሆነው ሠራተኛ፣ ጽጌረዳውን በእጁ እየቀጠፈ፣ እንደ ዘንጉም ርዝመት እየለየ የሚያስር በመሆኑ፣ በጽሕፈትና በስሌት የሠለጠነው ሰው ሠራሽ አስተውሎት እንጀራውን ለጊዜው በቀላሉ ሊነጥቀው እንደማይችል ያውቁ ኖሯል?

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ጥናት እንደ ተገለጸው፣ ይህ ጥበብ ሊተካው የሚችለው የሥራ ድርሻ በባለጸጎቹ አገሮች 5.5 ከመቶ ሲሆን፣ ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ግን 0.4 ከመቶ ብቻ ነው፤ ምክንያቱም አስቀድሞ የሚያሰጋው መዝገብ የሚይዘውንና ደብዳቤ የሚጽፈውን እንጂ፣ መሬት የሚቆፍረውን አይደለምና።

ይሁን እንጂ ዝቅተኛ ገቢ ባለው አገር መኖር የሰጠውን ከለላ ጾታ ይቀንሰዋል፤ የጸሐፊነት ሥራ በብዙ አገር በሴቶች እጅ ስለሚገኝ፣ በዚያው ጥናት መሠረት ለሥጋቱ የተጋለጠው የሴቶች የሥራ ድርሻ የወንዶቹን እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ አበባ ቀጥፋ ልጇን ያስተማረች እናት፣ ልጂቱ በመሥሪያ ቤት ጸሐፊነት ብትቀጠር፣ እርሷ ለማታውቀው አደጋ አሳልፋ ልትሰጣት ትችላለች። እንግዲህ ልጅዎን ሲያስተምሩ፣ መዝገብ ከመገልበጥ ይልቅ ማመዛዘንን እንድትማር ያበረታቷት።