እህልና ዘር ከመኝታ ቤት ሲወጡ

አምባ ጊዮርጊስ፦ ኅዳርና ታኅሣሥ በወገራ ደጋ የአውድማ ወራት ናቸው። ገብሱና ስንዴው ተበራይቶ፣ ባቄላው ተወቅቶ ወደ ቤት ሲገባ የገበሬው ፊት ይፈካል፤ ቤቱ ግን ይጠባል። ጓዳውን ጎታ ይዞታል፤ ከግድግዳው ሥር ጆንያ በጆንያ ላይ ይደረደራል፤ ከአልጋው ሥር የዘር ድንች ይሰጣል። ልጆች በጆንያዎቹ መካከል ተጣበው ይተኛሉ። እንግዳ ሲመጣ መቀመጫ ለማመቻቸት አንድ ሁለት ጆንያ ገፋ ማድረግ ግድ ይላል። ማዳበሪያ ከዘር ወቅት ቀድሞ የተረከበ አባወራ ደግሞ ለእርሱም ከዚያው ቤት ጥግ መፈለግ ይኖርበታል።

አምባ ጊዮርጊስ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው አውራ መንገድ ላይ የምትገኝ የወገራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3 ሺህ ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ እንደመገኘቷ ብርዷ ይታወቃል። በዙሪያዋ ያለው አርሶ አደር ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላ፣ ድንችና ነጭ ሽንኩርት ያመርታል። ይህ ሁሉ ምርት ከታጨደበት ቀን እስከሚበላበት፣ እስከሚሸጥበት ወይም እስከሚዘራበት ቀን ድረስ የሚያርፍበት ቦታ ይፈልጋል። በብዙ ቤት ያ ቦታ ቤተሰቡ የሚያድርበት፣ የሚያበስልበትና የሚታመምበት ያው አንድ ቤት ነው።

ልማዱ ያለ ምክንያት አልመጣም። ጎታ ከጭቃ፣ ከጭድና ከእበት ተለውሶ፣ ዙር በዙር እየደረቀ ወደ ላይ የሚገነባ የቤት ውስጥ ጎተራ ነው፤ ሥራውም በአብዛኛው የእናቶች ሙያ ነው። ውስጥ በመሆኑ ሌባ አያገኘውም፣ ዝናብ አይነካውም። የምድጃው ጭስም ለጊዜው ተባዩን ያርቃል። የቤቱ እመቤት በየማለዳው እየዘገነች መጠኑን ታውቃለች፤ እህሉ እስከ መቼ እንደሚያደርስ የምትገምተውም በዚሁ ነው። ከቤት ውጭ በእንጨት እግር ላይ የሚቆመው፣ በቀጭን እንጨት ተጠላልፎ በጭቃ የሚመረገውና የሣር ክዳን የሚደፋው ጎተራ ደግሞ ብዙ እህል ለሚያገባ አባወራ ነበር። ከዚያ የሚበልጥ ሀብት ወይም የክፉ ቀን አደራ ሲኖር ወደ ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ይገባ እንደነበር ታሪክ ያስታውሳል። ንብረትን ከመኖሪያ ቤት አውጥቶ በታመነ ስፍራ ማኖር ለጎንደር ሰው አዲስ ነገር አይደለም ማለት ነው።

ነገሩን የለወጡት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ጆንያና ኪኒን።

የላስቲክ ክር ጆንያ፣ በተለምዶ ራሱ “ማዳበሪያ” የሚባለው፣ ርካሽና ለመሸከም ምቹ ነው። ይሁን እንጂ እንደ ጎታ የታፈነ አይደለም። ነቀዝ እንደ ልቡ ይገባበታል፣ አይጥ በአንድ ሌሊት ይበሳዋል። የነቀዝ እንስት እንቁላሏን በፍሬው ውስጥ ቀብራ ስለምትጥል እጩ ከውስጥ እየበላ ያድጋል፤ ባለቤቱ ጉዳቱን የሚያውቀው ፍሬው ከተቦረቦረና ዱቄቱ ከረገፈ በኋላ ነው። ጤፍ ፍሬው ደቃቅ በመሆኑ ከነቀዝ ይተርፋል፤ ስንዴና ገብስ ግን ያን ዕድል አላገኙም። ስለዚህ አርሶ አደሩ ወደ ገበያ ሄዶ ኪኒን ይገዛል፤ በየጆንያው ይጨምርና ከአልጋው አጠገብ ይደረድረዋል።

አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። በገበያ ፎስቶክሲን በሚል ስም የሚታወቀው ኪኒን አሉሚኒየም ፎስፋይድ የተባለ ኬሚካል ነው። በአየር ውስጥ ያለ እርጥበት ሲያገኘው ፎስፊን የተባለ መርዛማ ጋዝ ያመነጫል፤ 3 ግራም የምትመዝን አንዲት ፍሬ 1 ግራም ያህል ጋዝ ታወጣለች። ነቀዙን የሚገድለው ይኸው ጋዝ ነው፤ የሰውንም ሕይወት ያጠፋል። ቀለም የለውም። ሽታው ነጭ ሽንኩርት ወይም የተበላሸ ዓሣ ሊመስል ይችላል፤ ሽታ አለመኖሩ ግን ጋዙ ለመጥፋቱ ማረጋገጫ አይሆንም። ከአየር ጥቂት ስለሚከብድም ወለሉ ላይ የተኙ ሕፃናት ይበልጥ ይጋለጣሉ። የላስቲክ ክር ጆንያ ጋዙን ይዞ አያቆይም፤ ከእህሉ እየወጣ ብርድ በመፍራት በርና መስኮቱ በተዘጋው ቤት ውስጥ ሌሊቱን ይሞላል። ብርድ የኪኒኑን ሥራ ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም፤ በደጋ አገር ከቆላው ይልቅ ለረጅም ቀናት ጋዝ ሲያወጣ ይቆያል።

ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ማስመለስ፣ የደረት መጨናነቅና የመተንፈስ ችግር ነው። የአንድ ቤት ልጆች በአንድ ሌሊት አብረው ሲያስመልሱ ነገሩ የምግብ መመረዝ ስለሚመስል ቤተሰቡ እራቱን እንጂ ጆንያውን አይጠረጥርም። ለፎስፊን የተለየ ማርከሻ መድኃኒት የለም። ማድረግ የሚቻለው የታመመውን ፈጥኖ ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት፣ ወደ ጤና ተቋም ማድረስና በቤት ውስጥ ኪኒን የተጨመረበት እህል መኖሩን ለሐኪሙ መንገር ነው። ይህች የመጨረሻዋ ቃል ብዙ ጊዜ ትዘነጋለች። ሰው የሚያድርበት ቤት ውስጥ ኪኒን የተጨመረበት እህል ጨርሶ መቀመጥ የለበትም፤ በዚህ ላይ የሚደራደር የእህል ጥበቃ ባለሙያ አይገኝም።

እንግዲህ ቤቱን ከእህል ነፃ ማውጣት የቦታ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ቦታውም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም። ለወገራ ሰው ደግሞ የአገሩ ብርድ ራሱ አጋዥ ነው። ሙቀት ከ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ የነቀዝ መራባት እጅግ ይዘገያል። ምድጃ የሚነድበት፣ ሰውና አንዳንዴም ከብት የሚያድርበት ቤት ግን ሌሊቱን ሙሉ ይሞቃል። እህሉን ከሙቁ ቤት አውጥቶ ደረቅና ቀዝቃዛ ወደሆነ የተለየ ማከማቻ መውሰድ ለነቀዙ የተሰናዳለትን ሙቀት እንደመንሳት ነው።

የተለየ ማከማቻ ሲባል ትልቅ ግንባታ ማሰብ አያስፈልግም። ከመኖሪያ ቤቱ ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ ውኃ በማይተኛበት ከፍ ያለ ቦታ የሚሠራ አነስተኛ ጎተራ ይበቃል። ወለሉ ከመሬት 1 ሜትር ያህል ከፍ ሊል ይገባል፤ አይጥ ከዚያ ያነሰውን ዘላ ልትደርስበት ትችላለች። በየእግሩ ዙሪያ ከአሮጌ ቆርቆሮ ተቆርጦ እንደ ተገለበጠ ቀፈፍ የሚታሰር መከላከያ አይጧን ወደ ላይ እንዳትወጣ ያግዳታል። ዛፍ ወይም ግድግዳ ከጎተራው ጋር ከተነካካ ግን ልፋቱ ከንቱ ነው፤ አይጧ በዚያ በኩል ትሻገራለች። በር፣ ቁልፍና የሌሊት ዘብ የሚሆን ውሻ ደግሞ የሌባውን ሥጋት ያቀልላሉ። ሌባን መፍራት ብዙውን ሰው እህሉን ከመኝታው እንዳይለይ የሚያደርገው ዋነኛ ምክንያት በመሆኑ ይህን አቃልሎ የሚያይ ምክር ሰሚ አያገኝም።

ከሁሉ በፊት እህሉ መድረቅ አለበት። ለጥራጥሬም ሆነ ለብርዕ እህል 13 በመቶ ያህል እርጥበት ለማከማቸት አስተማማኝ እንደሆነ ይታመናል። መለኪያ መሣሪያ የሌለው አርሶ አደር በጨው ሊፈትን ይችላል። በንጹሕና ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ እስከ ሲሶው እህል አድርጎ፣ ጥቂት ማንኪያ በደንብ የደረቀ ጨው ጨምሮ ይከድንና ለጥቂት ደቂቃ ይነቀንቀዋል፤ ከዚያም ሩብ ሰዓት ያህል ያቆየዋል። ጨዉ ከጠርሙሱ ጎን ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥብ ነው፤ ወደ ፀሐይ ይመለሳል።

ጎተራ መሥራት ለማይችል ቤተሰብ አየር የማያስገባ ከረጢት አለ። በኢትዮጵያ ገበያ ፒክስ ተብሎ የሚታወቀው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት መነሻው በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በካሜሩን ለአተር መሰል እህል ያካሄዱት ሥራ ነው። ሁለት ወፍራም ላስቲኮች በአንድ ጆንያ ውስጥ ይገባሉ፤ አፋቸውም አንድ በአንድ ተጠምዝዞ ይታሰራል። በውስጡ የቀረ ነቀዝ ያለውን አየር ተንፍሶ ይጨርስና ራሱ ታፍኖ ይሞታል። ኪኒን የለም፣ መርዝ የለም። እጅግ ጠባብ ቤት ያለው ቤተሰብ ይህን ከረጢት ከጓዳ ቢያኖረው እንኳ በልጆቹ ላይ የሚያመጣው የጋዝ አደጋ የለም። ድክመቱም ይታወቅ፤ አይጥ አንዴ ከበሳው ዋጋ የለውም፤ በየሳምንቱ እየተፈታ የሚዘገንበትም አይደለም። ስለዚህ የዕለት ቀለቡ ለብቻ፣ የሚቆየው ለብቻ መሆን አለበት። በመካከለኛው አሜሪካ በስፋት የተሠራበት የብረት ጎተራ አይጥንም ነቀዝንም አብሮ ይከላከላል፤ የመግዣ ዋጋው ግን ለብዙ አባወራ ይከብዳል።

ድንች ከእህል የተለየ ባሕርይ አለው፤ በወገራ ቤቶች ውስጥ ብዙ ቦታ የሚይዘውም፣ ብዙ የሚበላሸውም እርሱ ነው። በመስከረምና በጥቅምት የተቆፈረ የዘር ድንች እስከሚቀጥለው ክረምት መግቢያ ድረስ 7 እና 8 ወር መቆየት አለበት። ከአልጋ ሥር፣ በጨለማና በሙቀት ሲከርም ነጭ፣ ረጅምና ቀጭን ቡቃያ ያወጣል። ያ ቡቃያ ሲተከል ይሰበራል፤ ድንቹም ኃይሉን በቡቃያው ላይ ጨርሶ ይጨማደዳል። የገበሬው ዘር በአልጋው ሥር ሳለ አረጀ ማለት ነው። እንደ በለጠና ጉደኔ ያሉ በሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡ የተሻሻሉ ዝርያዎችም ቢሆኑ በዚህ አያያዝ ተስፋ የተጣለባቸውን ምርት አይሰጡም።

መፍትሔው ብርሃን ነው። መቀመጫውን ፔሩ ያደረገው ዓለም አቀፍ የድንች ማዕከል ያስፋፋው፣ በኢትዮጵያም በግብርና ምርምር ተቋማት የተላመደው የብርሃን ማከማቻ ከባሕር ዛፍ እንጨት የሚሠራ ቀላል ቤት ነው። ጣሪያው ሣር ወይም ቆርቆሮ ይሆናል፤ ግድግዳው ክፍት ክፍት ያለ ርብራብ ነው፤ በውስጡ መደርደሪያ ከመደርደሪያ በላይ ይሠራለታል። የዘር ድንቹ በየመደርደሪያው ላይ ከሁለት ወይም ከሦስት ድርብ ሳይበልጥ ይሰጣል። ቀጥተኛ ፀሐይ አያገኘውም፤ የተበተነ ብርሃንና ነፋስ ግን በየአቅጣጫው ይደርሰዋል። በዚህ ሁኔታ የሚወጣው ቡቃያ አጭር፣ ወፍራምና አረንጓዴ ስለሚሆን ሲጓጓዝም ሲተከልም አይሰበርም። የበሰበሰውም በዓይን ስለሚታይ ሌላውን ሳያበላሽ ይለቀማል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ብርሃን ያገኘ ድንች ይለመልማል፤ የለመለመ ድንች ደግሞ ሶላኒን የተባለ መርዛማ ንጥረ ነገር ስለሚይዝ ለምግብ አይሆንም፤ ለከብትም አይሰጥም። ለወጥ የሚፈለገው ድንች ከዘሩ ተለይቶ በጨለማና በቀዝቃዛ ቦታ መቀመጥ አለበት። ሁለቱን በአንድ መደርደሪያ ያዋሃደ ሰው ወይ ዘሩን ወይ ምግቡን ያጣል። ነጭ ሽንኩርትም በጆንያ ታፍኖ መክረም አይወድም፤ ተጎንጉኖ ነፋስ በሚያገኝበት ዳስ ቢሰቀል ይሻለዋል።

ሌላው መንገድ የጋራ መጋዘን ነው። በበለጸጉት አገሮች በዓመት ጥቂት ሳምንት ብቻ የምትነዳን ጀልባ ወይም የጉዞ መኪና ከግቢ አውጥቶ በኪራይ መጋዘን ማሳደር የተለመደ ንግድ ሆኗል። የወገራ አርሶ አደር ጀልባ ባይኖረውም ከቤቱ የሚወጣለት ኩንታል አለው። በየቀበሌው ያሉት የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት መጋዘኖች በአብዛኛው የሚያገለግሉት ለማዳበሪያና ለምርጥ ዘር ነው፤ ማዳበሪያው ክረምት ላይ ከተከፋፈለ በኋላ እስከ ቀጣዩ ጭነት ድረስ የሚኖራቸው ክፍት ቦታ ከአዝመራው ጊዜ ጋር ይገጥማል። ይህን ቦታ ለአባላት እህል ማዋል የሚያስቆጭ ሥራ አይሆንም፤ ዳሩ ግን ማዳበሪያና እህል በአንድ ጣሪያ ሥር መደባለቅ ስለሌለባቸው መጋዘኑ መጽዳትና መከፈል ይኖርበታል።

ሕጉም ቢሆን አለ። በ1996 ዓ.ም የወጣው የመጋዘን ደረሰኝ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 372 ባለ ንብረቱ ምርቱን በታወቀ መጋዘን አስረክቦ ደረሰኝ እንዲይዝ፣ ደረሰኙንም ለሽያጭ ወይም ለብድር መያዣ እንዲያውለው ይፈቅዳል። በ2000 ዓ.ም ግብይት የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በዚሁ ሥርዓት ላይ የቆመ ነው። ይሁንና በዋናነት የሚያገበያየው ቡናና ሰሊጥን የመሳሰሉ ምርቶችን በመሆኑ ጥቅሙ ከወገራ ገብስና ድንች ይልቅ ለመተማ ሰሊጥ ይቀርባል። የደጋው ገበሬ ማስቀመጫ ሲያጣ የሚያደርገው የታወቀ ነው፤ ሁሉም በሚሸጥበት በታኅሣሥና በጥር በወረደ ዋጋ ይሸጣል፤ ክረምት ሲገባም ያንኑ እህል በተወደደ ዋጋ ይገዛል።

አንድ ቤት ብቻ ያለው፣ ለጎተራም ለከረጢትም ገንዘብ ያልደረሰው ቤተሰብ ከሁሉ አስቀድሞ ኪኒን የነካውን ጆንያ ከመኝታው ያውጣ። ከቤቱ ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ ከሥር እንጨት ተረብርቦበት፣ ከላይ ቆርቆሮ ወይም ሣር ተደፍቶበት፣ በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት አንዲት ተቀጥላ ክፍል ማስጠጋት ይችላል። በዚህች ክፍልና በመኝታው መካከል ያለው ግድግዳ ስንጥቅ እንዳይኖረው በጭቃ በደንብ መመረግ አለበት፤ ጋዝ በቀዳዳ ያልፋልና።