ከኋላ ወንበር የሚቀመጡት ጓደኞች

ላቪንግተን ውስጥ መኪና ከማስተምራቸው ወጣቶች ብዙዎቹ የሐበሻ ልጆች ናቸው። ከፊሎቹ እዚሁ ናይሮቢ ያደጉ፣ ከፊሎቹ አዲስ አበባ መንጃ ፈቃድ አውጥተው የመጡ። ከአዲስ አበባ የመጡትን ለመለየት ጊዜ አይፈጅብኝም፤ ፍሬቻ ሊያሳዩ ግራ እጃቸውን ሲሰነዝሩ የዝናብ መጥረጊያው በጠራራ ፀሐይ መስታወቱን መፈግፈግ ይጀምራል። ኬንያ የሚነዳው በግራ ነው፤ መኪናውም አብዛኛው ያገለገለ የጃፓን ዕቃ ስለሆነ መሪውም የፍሬቻው ዘንግም በቀኝ ነው። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ሁለት ዓመት ነድቻለሁ» ይሉኛል። ይሁን። የእጅ ልማድ በጥቂት ሳምንት ይስተካከላል።

የሚያስቸግረው ቦዳ ቦዳ የሚባለው የሞተር ብስክሌት ታክሲ ነው። ጊታንጋ መንገድ ላይ ትምህርት ቤቶች ሲለቁ መኪናው ተቆላልፎ ይቆማል፣ ሞተር ብስክሌቶቹ ደግሞ ባገኙት ቀዳዳ ይሹለከለካሉ። አንዷ ተማሪዬ ወደ ግራ ልትታጠፍ ፍሬቻ አሳይታ፣ ስፖኪዮውን ቃኘት አድርጋ መሪውን ጠመዘዘች። በእኛና በመንገዱ ጠርዝ መሀል ሰው የጫነ ቦዳ ቦዳ ሲገባ እኔ በኩል ያለውን ፍሬን ረገጥኩት። የተሳፋሪዋ ጉልበት በራችንን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ልጅቷ «ጥፋቱ የሱ ነው!» አለች። የሱ ነው፣ አልተከራከርኳትም። ግን የዚያች ሴት እግር ቢሰበር ኖሮ ማን ጥፋተኛ እንደሆነ መታወቁ እግሯን አይጠግነውም። ስፖኪዮ አይቶ አንገትን ደግሞ ማዞር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ ማስተማር ይቻላል። እኔን የሚያስፈራኝ ተማሪው ፈተናውን ካለፈ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። እዚህ አገር ፈታኙ ጠረጴዛ ላይ የከተማ ሞዴል ዘርግቶ በአሻንጉሊት መኪና ያስነዳል፣ ማን ቅድሚያ እንዳለው ይጠይቃል፣ ከዚያም መንገድ ላይ ይፈትናል። ከኋላ ሆነው ሙዚቃውን ጨምር፣ ያንን ቅደመው የሚሉ ሦስት ጓደኞች ግን በፈተናው ላይ የሉም። ጎረምሳ ጓደኞቹን ሲጭን ብቻውን ከሚነዳበት ጊዜ ይልቅ ለአደጋ እንደሚጋለጥ በጥናት ተደጋግሞ ታይቷል፤ በተለይ ማታ። ኒው ዚላንድ እ.ኤ.አ. በ1987 አዲስ ነጂዎችን ለተወሰነ ጊዜ በማታ እንዳይነዱ፣ ሰውም እንዳይጭኑ የሚከለክል ሕግ ያወጣችው ይህን አይታ ነው።

ፍጥነቱን በወረቀት አስሰላቸዋለሁ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በ80 ከሆነ 22። ስልክ ለማየት ሁለት ሰከንድ ያቀረቀረ ልጅ በ80 ፍጥነት ከ40 ሜትር በላይ ዓይኑን ጨፍኖ ነዳ ማለት ነው። ሒሳቡን ሲሠሩ ዝም ይላሉ። ዝምታው እስከ ቅዳሜ ማታ ይቆይ አይቆይ እንጃ።

ኬልቪን ኪፕቱምን ሁሉም ያውቁታል። ቺካጎ ላይ ማራቶንን በ2:00:35 ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን የሰበረው ጥቅምት 2023 ነበር። በአራት ወሩ፣ የካቲት 2024፣ ካፕታጋት አካባቢ ማታ ሲያሽከረክር መኪናው ከመንገድ ወጥቶ ከዛፍ ተጋጨ፤ እሱና አሠልጣኙ ሞቱ። ዕድሜው 24 ነበር። የኛው አበበ ቢቂላም እ.ኤ.አ. በ1969 ቮልስዋገኑ ተገልብጣ ከወገቡ በታች ሽባ ሆኗል። እነዚያን እግሮች የሚያህል ጥንካሬ መኪና ውስጥ ምንም አልፈየደም።

ለቅሶ ቤት ስንሄድ «ቀኑ ደርሶ ነው» እንላለን። ለሐዘንተኛ የሚባል ነው፣ አልነቅፈውም። ቁልፍ ለሚቀበል ልጅ ግን አይባልም። የመላእክት ሥዕል ከፊት መስታወቱ ሥር ለጥፈው፣ «እግዚአብሔር ይጠብቅህ» ብለው መርቀው፣ ልጁ ቀበቶ ሳያስር ከግቢ ሲወጣ የሚያዩ ወላጆች ያጋጥሙኛል። ኋላ የተቀመጠው ቀበቶ ካላሰረማ ማንም ምንም አይለውም። እኔ ለተማሪዎቼ የምለው መኪናው ውስጥ አዛዡ መሪ የያዘው ነው፤ ኋላ ያለው ጓደኛህ ካላሰረ ሞተር አታስነሳ፣ ከሳቀብህ አውርደው። ይህን ለማለት የሚደፍር የሃያ ዓመት ልጅ ብርቅ ነው። የደፈሩት ግን ቤታቸው ውስጥ ሲባል የሰሙ ናቸው፤ አባትየው ራሱ ሲነዳ ስልክ የሚያነሳ ከሆነ የኔ ትምህርት ከግቢው በር አያልፍም።

ወላጆች ሆይ፣ የፈረንጅ ገናና የኛ ገና በሁለት ሳምንት ልዩነት ይመጣሉ፤ የልጆቹም ጭፈራ ያኔ ነው። መንጃ ፈቃዱን ያወጣው ዘንድሮ ከሆነ ለእነዚያ ማታዎች ቁልፉን እናንተ ዘንድ አስቀሩ፣ የታክሲውንም ሒሳብ ክፈሉለት። ቀን ቀን ግን አጠገቡ ተቀምጣችሁ ይንዳ፤ ቢያንስ ስድስት ወር።