የትምህርት ቤት ደጃፍና የጦር መሣሪያ ሕግ

የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ክርክር ብዙውን ጊዜ የሕግና የፖሊስ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ይታያል። ይሁን እንጂ ሕግ ሳይቋጨው ያለፈው ነገር ውሎ አድሮ በትምህርት ቤት ትከሻ ላይ እንደሚያርፍ የብሪታንያና የአሜሪካ ልምድ ያስረዳል። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ማርች 13 ቀን 1996 በስኮትላንድ፣ ደንብሌን በተባለች ከተማ፣ አንድ ታጣቂ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ገብቶ 16 ሕፃናትንና አንዲት መምህርት ገደለ። የያዛቸው አራት ሽጉጦች ሕጋዊ ፈቃድ ያላቸው ነበሩ። ከ700,000 በላይ ሰዎች የፈረሙበት አቤቱታ ለፓርላማ ቀረበ። በ1997 በወጡ ሁለት ሕጎችም፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ግለሰብ ሽጉጥ እንዳይዝ ተከለከለ። ከ160,000 በላይ ሽጉጦችም ተሰበሰቡ።

ዲሴምበር 14 ቀን 2012 ደግሞ በአሜሪካ፣ በኮኔቲከት ግዛት፣ በሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት 20 ሕፃናትና 6 ሠራተኞች ተገደሉ። በዚህም ጊዜ መሣሪያው በሕጋዊ መንገድ የተገዛ ነበር። ግዛቲቱ በ2013 ሕጓን አጠበቀች። በፌዴራል ደረጃ ግን የገዢዎችን የኋላ ታሪክ ማጣራት እንዲሰፋ የቀረበው ሐሳብ በሴኔቱ 54 ድምፅ ቢያገኝም፣ የሚያስፈልገው 60 ስላልሞላ ወደቀ።

የልዩነቱ ምክንያት የሐዘን ማነስ አይደለም። በብሪታንያ መሣሪያ መያዝ በቂ ምክንያት ላቀረበ ሰው የሚሰጥ የፖሊስ ፈቃድ ነው። በአሜሪካ ግን በ1791 በጸደቀው ሁለተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የተመሠረተ መብት ሲሆን፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2008 መብቱ የግለሰብ መሆኑን ወስኗል። የቁጥጥር ተቃዋሚዎች፣ ወንጀለኛ ሕግ ስለማያከብር ክልከላው ትጥቅ የሚያስፈታው ሰላማዊውን ሰው ነው ይላሉ። ደጋፊዎች በበኩላቸው፣ ለክፋት የተነሣ ሰው የሚያደርሰው ጉዳት በእጁ በገባው መሣሪያ ዓይነት ይወሰናል ሲሉ ይመልሳሉ። የብሪታንያም ሕግ ፍጹም ዋስትና አልሆነም፤ በ2010 በካምብሪያ አንድ ሰው በፈቃድ በያዛቸው ጠመንጃዎች 12 ሰዎችን ገድሏል።

በሁለቱም አገሮች የትምህርት ቤት በርና አጥር ጥበቃ ተጠናክሯል። በአሜሪካ ግን ያልተቋጨው ክርክር መማሪያ ክፍል ድረስ ዘለቀ። በአብዛኞቹ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሕፃናት በር ተቆልፎ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ድምፅ ሳያሰሙ ጥግ ይዘው መደበቅን ይለማመዳሉ። በአንዳንድ ግዛቶችም መምህራን እንዲታጠቁ ተፈቅዷል። በ2022 በቴክሳስ፣ ዩቫልዲ ከተማ 19 ተማሪዎችና 2 መምህራን ከተገደሉ በኋላ ከ21 ዓመት በታች የሆኑ ገዢዎችን ማጣራት የሚያጠብቅ የፌዴራል ሕግ ቢወጣም፣ ልምምዱ አልቀረም።

ስለዚህ ጉዳዩን በክፍል የሚያቀርብ መምህር ሁለት ጥያቄዎችን መለየት ይገባዋል። አንደኛው፣ ቁጥጥር ሞትን ይቀንሳል ወይ የሚለው ሲሆን በማስረጃ ይመረመራል። ሁለተኛው፣ መሣሪያ መያዝ መብት ነው ወይስ ፈቃድ የሚለው ሲሆን የሕዝብ ምርጫ ነው። ዕቅድ አውጪው ደግሞ ሕግ ያልሸፈነውን የጥበቃ ወጪ፣ ልምምዱ የሚወስደውን የትምህርት ሰዓትና በልጆች ላይ የሚያሳድረውን ፍርሃት አስቀድሞ በሂሳቡ ውስጥ ማግባት ይኖርበታል።