ደም ያቆመው ፋሻ አምራቹን ከኪሳራ አላዳነም

ሽሪምፕ የሚያቀነባብሩ ፋብሪካዎች ሥጋውን ሸጠው የሚጥሉት ቅርፊት፣ ሽታው ጎረቤት የሚያስመርር ቆሻሻ ነው። ይኸው ቆሻሻ በሕክምና ዕቃ ገበያ ድርጅቶችን ፍርድ ቤት ያቆመ ጥሬ ዕቃ ሆኗል።

አሠራሩ ውስብስብ አይደለም። ቅርፊቱ በአሲድ ሲዘፈዘፍ ማዕድኑ ይለቃል፣ በኮስቲክ ሶዳ ሲታጠብ ፕሮቲኑ ይወገዳል፤ የሚቀረው ካይቲን ይባላል። ካይቲኑ በጠንካራና በጋለ ኮስቲክ ሶዳ ሲቀቀል ካይቶሳን ይወጣዋል። ካይቶሳን ፖዘቲቭ፣ ቀይ የደም ሕዋሳት ደግሞ ኔጌቲቭ ቻርጅ ስላላቸው ይሳሳባሉ፤ ቁስሉ ላይ ተጣብቀው እንደ ውታፍ ይደፍኑታል። ደሙ በራሱ እስኪረጋ አይጠበቅም። ማጥራቱ ላይ ግን መሰሰት አያዋጣም፤ የሽሪምፕ አለርጂ መነሻው ፕሮቲኑ ነውና።

በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት፣ ፖርትላንድ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2001 የተቋቋመው ሄምኮን ከዚሁ ካይቶሳን ፋሻ ሠርቶ በ2002 የመንግሥት ፈቃድ አገኘ። ፋሻው ኢራቅና አፍጋኒስታን ከዘመቱ የአሜሪካ ወታደሮች ጋር ተጓዘ። ሠራዊትን ያህል ደንበኛ የያዘ ነጋዴ ምን ይፈራል ያሰኛል። ሆኖም በ2008 የሠራዊቱ የሕክምና ኮሚቴ ካኦሊን የተባለ ነጭ አፈር የተነከረበትን ተፎካካሪ ጎዝ በአንደኛ ምርጫነት አስቀደመ።

የከፋው ግን ከሌላ አቅጣጫ መጣ። ማሪን ፖሊመር ቴክኖሎጂስ የተባለው የማሳቹሴትስ ድርጅት ጥሬ ዕቃውን የሚያገኘው ከሽሪምፕ ሳይሆን በዓይን ከማይታይ የባሕር አልጌ ነው። የያዘው ፓተንት ግን ምንጩን ሳይሆን ሰውነት የሚቀበለውን የጠራ ውህድ ራሱን የሚመለከት ነው በማለት ሄምኮንን ከሰሰ። በ2010 ሄምኮን 29.4 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተፈረደበት። ይግባኙን የሰሙት ዳኞች በመጋቢት 2012 በፓተንቱ አተረጓጎም ላይ እኩል ለእኩል በመከፈላቸው ፍርዱ ጸና፤ በተከታዩ ወር ድርጅቱ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ፤ በ2013 ትራይስታር ዌልነስ ሶሉሽንስ ገዛው።

ቅርፊቱን በርካሽ ማግኘት የቻለው ሄምኮን የወደቀው ቅርፊት አጥቶ አይደለም፤ የጠራው ውህድ መብት በማን እጅ እንዳለ በሚነሣ ክርክር ነው።

በ2014 የኮሚቴው መመሪያ ሁለት የካይቶሳን ጎዞችን በአማራጭነት አስገባ። አንደኛው የእንግሊዙ ሴሎክስ ሲሆን ሁለተኛው ቺቶጎዝ፣ ባለቤት የቀየረው የሄምኮን ምርት ነበር።