ቡና ለመሸጥ የካድሬ ደብዳቤ?

በስደት በኮሎምበስ ኦሃዮ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ኢስተን ላይ ስንገናኝ የቡና መሸጫ ወይም ጋሪ የመክፈት ወሬ አይጠፋም። እርግጥ ነው፣ እዚህም ውጣ ውረድ አለ፤ የገበያ ማዕከሉ የግል ይዞታ በመሆኑ የባለቤቱ ስምምነት፣ ከካውንቲው ኦዲተር የሽያጭ ፈቃድ፣ ከከተማው ጤና ቢሮ የምግብ ፈቃድ ያስፈልጋል። ይሁንና ጤና ቢሮው የቀረበለትን ንድፍ መርምሮ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ደንብ ያስገድደዋል። «ድርጅትህ የቱ ነው?» ብሎ የሚጠይቀኝ ግን የለም።

በአገራችንስ? ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2010 እንዳጋለጠው፣ በኢሕአዴግ ዘመን ማዳበሪያና ብድር እንኳ ለተቃዋሚ ደጋፊዎች ይከለከል ነበር። ኢሕአዴግ በ2019 ፈርሷል፤ ጥያቄው ግን አልፈረሰም። ቡና አፍልታ ልጆቿን የምታሳድግ እናት ፈቃዷን የምታገኘው ከሕግ ነው ወይስ ከካድሬ? ለእኔ የነጻነት መለኪያው ይኸው ነው።