የሞተር ብስክሌት ጥምር ፍሬን

መኪና የሚነዳ ሰው ፍሬን ለመያዝ አንድ እግሩን ብቻ ያንቀሳቅሳል። ፔዳሉን ሲረግጥ አራቱም ጐማዎች ባንድ ጊዜ ይያዛሉ፤ የትኛው ጐማ ምን ያህል መያዝ እንደሚገባው የማመዛዘኑን ሥራ መኪናውን የሠራው ፋብሪካ አስቀድሞ ጨርሶታል። የሞተር ብስክሌት ነጂ ግን ይህን ዕድል አላገኘም። የፊተኛውን ጐማ የሚያቆመው በቀኝ እጁ በሚጨብጠው መጨበጫ፣ የኋለኛውን የሚያቆመው በቀኝ እግሩ በሚረግጠው ፔዳል ነው። ግራ እጁ ፍሪሲዮን ይይዛል፤ ግራ እግሩ ማርሽ ይቀይራል። እንግዲህ ሁለት እጆቹና ሁለት እግሮቹ ሥራ ይዘው ሳለ አንድ ሕፃን ድንገት ወደ መንገድ ቢገባበት፣ ከሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ለሁለቱ ፍሬኖች ተገቢውን ኃይል አከፋፍሎ መስጠት ይኖርበታል። ጥምር ፍሬን የተፈለሰፈው ይህን ሸክም ለማቃለል ነው፤ አንድ ፔዳል ወይም አንድ መጨበጫ ሁለቱንም ጐማዎች እንዲይዝ ያደርጋል። ሸክሙን ሲያቃልል ግን ከነጂው እጅ የሚወስደው ነገርም አለ።

ጥቅሙንና ጉድለቱን ለመመዘን በመጀመሪያ ሁለቱ ፍሬኖች እኩል አለመሆናቸውን መረዳት ያስፈልጋል። ፍሬን ሲያዝ የሞተር ብስክሌቱና የነጂው አካል ወደፊት መሄዱን ለመቀጠል ስለሚፈልግ ክብደቱ ወደ ፊተኛው ጐማ ያዘነብላል። በምሳሌ እንየው። ብስክሌቱ 120 ኪሎ፣ ነጂው 80 ኪሎ ይመዝናሉ እንበል፤ ድምሩ 200 ኪሎ ነው። በቆሙበት ጊዜ ይህ ክብደት በሁለቱ ጐማዎች ላይ እኩል ቢያርፍ እያንዳንዳቸው 100 ኪሎ ይሸከማሉ። በሁለቱ ጐማዎች መካከል ያለው ርቀት 1.30 ሜትር፣ የክብደቱ ማእከል ከመሬት ያለው ከፍታ 0.65 ሜትር ቢሆንና ነጂው ፍሬኑን ጠንከር አድርጎ ቢይዝ፣ ማለት ፍጥነቱ በየሴኮንዱ በሴኮንድ 6 ሜትር ያህል ቢቀንስ፣ ወደ 60 ኪሎ የሚጠጋ ክብደት ከኋላ ወደ ፊት ይዛወራል። በዚያች ቅጽበት የፊተኛው ጐማ 160 ኪሎ፣ የኋለኛው 40 ኪሎ ብቻ ይሸከማሉ። ጐማ መንገዱን ቆንጥጦ ለመያዝ የሚችለው በተጫነው ክብደት መጠን ስለሆነ፣ ብስክሌቱን በእውነት የሚያቆመው የፊተኛው ፍሬን ነው።

ይሁን እንጂ ብዙ ነጂዎች የፊቱን ፍሬን ይፈሩታል። «ያስገለብጣል» ይሉታል፤ አንዳንዱም ጨርሶ አይነካውም። ፍርሃታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። የኋለኛው ጐማ መዞሩን አቁሞ ቢንሸራተት ብስክሌቱ ጅራቱን ያወዛውዛል እንጂ ነጂው ብዙ ጊዜ ሚዛኑን ይመልሳል። የፊተኛው ጐማ በጭቃ ወይም በጠጠር ላይ መዞሩን ቢያቆም ግን መሪው ይከዳል፤ ነጂው ከመሬት የሚደርሰው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ነው። ስለዚህ በልምድ የተማረ ሰው እግሩን ያምናል፤ በደነገጠም ጊዜ ቀድማ የምትታዘዘው ያቺው እግሩ ናት።

ይህ ልማድ የሚያስከፍለውን ዋጋ በስሌት ማግኘት ይቻላል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ብስክሌት በሴኮንድ 16.7 ሜትር ያህል ይጓዛል። በደረቅ አስፋልት ላይ በኋላ ፍሬን ብቻ የሚያቆም ነጂ ፍጥነቱን በየሴኮንዱ በሴኮንድ 3 ሜትር ቢቀንስ ለመቆም 46 ሜትር ይፈጅበታል። ሁለቱንም ፍሬኖች በሚገባ የያዘው ግን የዚህን እጥፍ፣ ማለት 6 ሜትር ሊቀንስ ስለሚችል በ23 ሜትር ላይ ይቆማል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደነግጠው ደግሞ ቀጥሎ ያለው ነው። ሁለተኛው ነጂ ቀጥ ባለበት በ23ኛው ሜትር ላይ የመጀመሪያው ገና በሰዓት 42 ኪሎ ሜትር ያህል እየበረረ ነው። ሕፃኑ የቆመው በዚያ ቦታ ላይ ቢሆን በሁለቱ ነጂዎች መካከል ያለው ልዩነት የሕይወትና የሞት ልዩነት ይሆናል።

ሁለቱን ፍሬኖች የማያያዝ ሐሳብ አዲስ አይደለም። ሞቶ ጉዚ የተባለው የኢጣሊያ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጣው 850 ቲ 3 በተባለው ሞተር ብስክሌት ላይ ፔዳሉ የኋላውን ዲስክና ከሁለቱ የፊት ዲስኮች አንዱን ባንድነት እንዲይዝ አድርጎ ነበር፤ የእጁ መጨበጫ የቀረውን የፊት ዲስክ ይይዛል። በኋላም የጃፓኑ ሆንዳ በትልልቅ ብስክሌቶቹ ላይ ይበልጥ የተወሳሰበ ዘዴ አስገባ፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በሸጣቸው በአንዳንዶቹ ላይ እጅም ቢጨብጥ እግርም ቢረግጥ ሁለቱም ጐማዎች ይያዙ ነበር።

በትናንሾቹ ሞተር ብስክሌቶች ላይ ያለው ዘዴ ግን እጅግ ቀላል ነው፤ በሬ ጠምዶ ያረሰ ሰው ፈጥኖ ይገባዋል። ከፔዳሉ የሚመጣው ጉተታ በአንዲት አጭር ዘንግ ላይ ያርፋል። ከዘንጊቱ ጫፎች በአንዱ ወደ ኋላ ፍሬን፣ በሌላው ወደ ፊት ፍሬን የሚሄዱ ገመዶች ታስረውባታል። ዘንጊቱ ቀንበር፣ ሁለቱ ፍሬኖች በሬዎች ናቸው። ምራኑ ወደ አንዱ በሬ ቢጠጋ ያ በሬ የሚበዛውን ሸክም እንደሚስብ ሁሉ፣ ጉተታው ከዘንጊቱ ላይ የሚያርፍበት ቦታ ለየትኛው ጐማ ምን ያህል ኃይል እንደሚደርሰው ይወስናል። ወደ ፊት በሚሄደው ገመድ በኩል ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሞላ ይገባል። ነጂው ፔዳሉን በቀስታ ሲነካ የኋላው ፍሬን ብቻ ይሠራል፤ ጠንክሮ ሲረግጥ ሞላው ይሸነፍና የፊቱም ይከተላል። የቀኙ እጅ መጨበጫ እንደ ቀድሞው የፊቱን ፍሬን ለብቻው ይይዛል። ኤሌክትሪክ የለው፣ ዋጋው የረከሰ፣ ማንኛውም መካኒክ የሚፈታው ነገር ነው።

ጉድለቱም የሚመነጨው ከዚሁ ቅለት ነው። ቀንበሩ አንድ ጊዜ ተለክቶ ስለሚሠራ፣ ከኋላ ማን እንደተቀመጠ አያውቅም። ተሳፋሪ ሲጫን ክብደቱ የሚያርፈው ከኋለኛው ጐማ በላይ ስለሆነ የኋላው ፍሬን ከወትሮው የበለጠ መሥራት ይችላል፤ ጥምር ፍሬኑ ግን ለብቸኛ ነጂ በተሰጠው ድርሻ ይቀጥላል። መንገዱንም አያውቅም። ጠጠር በበዛበት ቁልቁለት ላይ የሠለጠነ ነጂ የኋላውን ፍሬን ብቻ በለስላሳው እየያዘ፣ የፊተኛው ጐማ በነፃነት እንዲዞር ትቶ ይወርዳል። ፔዳሉ የፊቱንም ጐማ የሚይዝበት ከሆነ ይህ ጥበቡ ከእጁ ይወጣል። በጠባብ ቦታ በዝግታ ሲዞርም መሪው ታጥፎ ሳለ የፊቱ ፍሬን ቢይዝ ብስክሌቱ ወደ ጐን ሊወድቅ ይችላል። ሞላው ይህን ያግዳል ቢባልም፣ የሚያግደው ማስተካከያው እስካልተዛባ ድረስ ብቻ ነው። የኋላው ፍሬን ሸራ ሲያልቅና ገመዱ ሲላላ ቀንበሩ ያዘነብላል፤ የሁለቱም ድርሻ ይፋለሳል። ቀድሞ አንድን ፍሬን ማጥበቅ ሌላውን አይነካም ነበር፤ አሁን ግን አንዱን የሚያጠብቅ መካኒክ ሌላውንም መመልከት ይገባዋል።

ከዚህ ሌላ ጥምር ፍሬንን ኤ.ቢ.ኤስ. ከሚባለው ፍሬን ጋር ማደባለቅ የተለመደ ስሕተት ነው። ኤ.ቢ.ኤስ. የጐማውን ዙር እየለካ፣ ጐማው መዞሩን ሊያቆም ሲል ፍሬኑን ለቅጽበት የሚያላላ መሣሪያ ነው፤ የጀርመኑ ቢ.ኤም.ደብልዩ. እ.ኤ.አ. በ1988 በሞተር ብስክሌት ላይ አግብቶታል። ጥምር ፍሬን ኃይልን ያከፋፍላል እንጂ ጐማ እንዳይንሸራተት አይጠብቅም። በረጠበ መንገድ ላይ ፔዳሉን ባለ በሌለ ኃይሉ የረገጠ ሰው ሁለቱንም ጐማዎች ሊያንሸራትት ይችላል። የአውሮፓ ማኅበር ሕግም ልዩነቱን ያውቃል፤ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በአዳዲስ ዓይነቶች፣ ከ2017 ጀምሮ በአዲስነት በሚሸጡት ሁሉ ላይ፣ ከ125 ሲ.ሲ. በላይ የሆኑት ኤ.ቢ.ኤስ. እንዲኖራቸው ሲያስገድድ፣ ከ50 እስከ 125 ሲ.ሲ. ላሉት ግን ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጡ ፈቀደ። ሕንድም ተመሳሳይ ደንብ አውጥታ እ.ኤ.አ. በ2018 እና በ2019 በሥራ ላይ አውላለች። ለትንሹ ብስክሌት የተሰጠው ይህ ምርጫ ከዋጋ ጋር የተደረገ ስምምነት ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

በእኛ ግምት ግን ስምምነቱ መጥፎ አይደለም። በኬንያና በኡጋንዳ ቦዳ ቦዳ እየተባሉ የሚጠሩት (ስሙ የተገኘው በሁለቱ አገሮች ወሰን ላይ ባለችው በቡሲያ ከተማ ሰዎችን ከኬላ ወደ ኬላ ያመላልሱ ከነበሩት ብስክሌተኞች ነው)፣ በደቡብ ኢትዮጵያ ከተሞችና ገጠሮችም ሰው የሚያመላልሱት ሞተር ብስክሌቶች አብዛኞቹ ትንንሽ ናቸው። ከነጂዎቻቸው ብዙዎቹ መንዳትን ያወቁት ከጓደኛ ነው። እንዲህ ላለው ነጂ በአስፋልት ላይ የሚያተርፈው ሃያ ሜትር በጠጠር ቁልቁለት ላይ ከሚያጣው ጥበብ ይበልጣል። ቀኑን ሙሉ በጭቃና በኮረት ላይ የሚውለው፣ የፊቱን ፍሬን በጣቶቹ መጥኖ መያዝን የተማረ ነጂ ደግሞ የተለያየውን ፍሬን ቢመርጥ የሚፈረድበት አይደለም።

የሕንድ ሕግ የሚገዛው በሕንድ ውስጥ የሚሸጡትን ነው፤ ወደ ውጭ የሚላኩት የግድ ጥምር ፍሬን ይኖራቸዋል ማለት አይደለም። ስለዚህ ገዥው ራሱ መፈተን አለበት። ብስክሌቱ በመካከለኛ መቆሚያው ላይ ቆሞ የፊተኛው ጐማ ከመሬት ከፍ እንዲል ይደረግ፤ አንድ ሰው ጐማውን በእጁ ያሽከርክር፤ ሌላው ፔዳሉን በመጀመሪያ በቀስታ፣ ቀጥሎ በኃይል ይርገጥ። ጐማው በኃይል ሲረገጥም መሽከርከሩን ካላቆመ ፍሬኖቹ የተለያዩ ናቸው። በኃይል ሲረገጥ ብቻ ከቆመ ፍሬኑ ጥምር ነው፤ ሞላውም ሥራውን ይሠራል። ገና በቀስታ ሲነካ ከተያዘ ግን ከመነዳቱ በፊት መካኒክ ሊያየው ይገባል።